የልጆች የዕረፍት ካምፖች፦ ስለ ታሪካቸውና ስለ ሕንፃዎቻቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮዎቹ የአውሮፓ የልጆች ካምፖች፣ በተለይ ስለ ፈረንሳይና ስለ ጣሊያን፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማዘጋጃ ቤት የልጆች ካምፕ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ከተማ ራሱ ገዝቶ ወይም አሠርቶ የሚያስተዳድረው፣ ትምህርት ሲዘጋ የከተማው ልጆች ለጥቂት ሳምንታት የሚሄዱበት ማረፊያ ነው። ወላጅ አብሮ አይሄድም። ልጆቹ በቡድን ይጓዛሉ፣ በቡድን ይበላሉ፣ በቡድን ይተኛሉ፣ ጠባቂዎቻቸውም ለዚሁ የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። ከወጪው አብዛኛውን ከተማው ይሸፍናል፣ ወላጅም እንደ አቅሙ ያዋጣል።

ብዙ ሰው ግር የሚለው ቦታው ላይ ነው። ካምፑ ከተማው ውስጥ አይደለም። የፓሪስ ዳርቻ የሆነች አንዲት የፋብሪካ ከተማ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አትላንቲክ ዳርቻ ላይ የራሷ መሬት፣ የራሷ ወጥ ቤት፣ የራሷ አልጋዎች ይኖሯታል። ስለዚህ አንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ስትሄዱ በየሁለት መቶ ሜትሩ የሌላ ከተማ ስም የተጻፈበት በር ብታዩ አይግረማችሁ።

ማን ጀመረው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ኸርማን ቫልተር ቢዮን የሚባል የስዊዘርላንድ ፓስተር ነው። ቢዮን በዙሪክ ያገለግል ነበር። ከዚያ በፊት ግን አፔንሴል በሚባለው ተራራማ አገር ሠርቷል፣ አየሩንም ያውቀዋል። በ1876 በጋ ከዙሪክ ድሃ ቤተሰቦች 68 ልጆች ሰብስቦ ከአስተማሪዎች ጋር ወደዚያ ተራራ ወሰዳቸው። ነገሩ ይኸው ነው። ልዩ ሕንፃ የለም፣ አርክቴክት የለም፣ ወተትና ንጹሕ አየር ብቻ።

ሐሳቡ ግን በፍጥነት ተዛመተ። በፈረንሳይ በ1881 ፓስተር ሎሪዮና ባለቤታቸው ሱዛን "የሦስት ሳምንት ሥራ" የሚባል ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙ ልጆቹ የሚቆዩበትን ጊዜ ነው የሚናገረው። በ1883 ደግሞ ኤድሞን ኮቲኔ የሚባል ሰው በፓሪስ 9ኛው ወረዳ የትምህርት ቤት ፈንድ አማካይነት ተማሪዎችን ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። ለእኛ ጉዳይ ይሄኛው ይበልጣል፤ የሕዝብ ትምህርት ቤትና የከተማ ገንዘብ የገቡበት እዚህ ላይ ነውና።

ለምን "ኮሎኒ" ይሉታል? ከቅኝ ግዛት ጋር ይገናኛል?

ቃሉን በአማርኛ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እውነትም ነው፣ "የልጆች ኮሎኒ" ሲባል ለጆሯችን ደስ አይልም። የቃሉ ሥር ላቲን ሆኖ ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረን የሰው ቡድን ያመለክታል። ቢዮን በጀርመንኛ የዕረፍት ኮሎኒ ብሎ ጠራው፣ ፈረንሳዮች "ኮሎኒ ደ ቫካንስ" አሉት፣ ጣሊያኖች ደግሞ ባጭሩ "ኮሎኒያ"። ፈረንሳይ ውስጥ ዛሬም ልጆቹ "ኮሎ" ነው የሚሉት።

እንግዲህ በመነሻው ከቅኝ ግዛት ጋር ግንኙነት የለውም። በ1930ዎቹ ጣሊያን ግን ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ግድግዳ ላይ የተገናኙበት ጊዜ አለ። እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ ወደ መጨረሻው አካባቢ እመለስበታለሁ።

ለምን ባሕርና ተራራ ብቻ?

በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት። ሮበርት ኮህ ባክቴሪያውን ያገኘው በ1882 ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ግን በ1943። በመሃል ያሉትን ስድሳ ዓመታት አስቡት። በሽታው ከምን እንደሚመጣ ታውቋል፣ መድኃኒት ግን የለም። ሐኪም ሊያዝዝ የሚችለው ምግብ፣ ዕረፍት፣ አየርና ፀሐይ ነበር።

ባሕሩ እንዲያውም ከዚያም ይቀድማል። እንግሊዝ ውስጥ ማርጌት ላይ በ1791 የባሕር መታጠቢያ ሆስፒታል ተመሥርቷል። ጣሊያን ውስጥ ጁዜፔ ባሬላይ የሚባል የፍሎረንስ ሐኪም የአንገት ዕጢ ነቀርሳ ያለባቸው ድሃ ልጆች ወደ ባሕር እንዲሄዱ ሲወተውት ቆይቶ በ1856 ቪያሬጆ ላይ ሥራው ተጀመረ። የፀሐይ ሕክምናውን ያስፋፋው ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ኦጉስት ሮሊዬ ነው፤ በ1903 ሌዛን በሚባል ከፍተኛ ተራራ ላይ ክሊኒክ ከፈተ። የሮሊዬ ዘዴ ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። መጀመሪያ እግር ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ይመታዋል፣ በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ መላ ሰውነት ይደርሳል።

ካምፖቹ ሆስፒታል አልነበሩም። ጤነኛ ግን ደካማ የሆነውን ልጅ ሳይታመም ለማጠንከር ነው የታሰቡት። ሕንፃዎቹ ግን ሁሉንም ነገር ከሆስፒታል ወረሱ፦ ነጭ ግድግዳ፣ በሰልፍ የተደረደረ የብረት አልጋ፣ ትልቅ መስኮት፣ ሰፊ በረንዳ። አንድን የድሮ ካምፕ ስታዩ "ይሄ ሆስፒታል ነበር እንዴ?" ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ የሐሳቡ አባት እሱ ነው።

እውነት ልጆቹን ይመዝኗቸው ነበር?

አዎ፣ ሲሄዱም ሲመለሱም። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ገንዘብ የሰጠው ሰው ውጤት ማየት ይፈልጋል። ለከተማ ምክር ቤት "ልጆቹ ደስ ብሏቸው መጡ" ብሎ ሪፖርት ማቅረብ አይቻልም፤ "በአማካይ ይህን ያህል ኪሎ ጨመሩ" ግን ይነበባል። ስለዚህ ሚዛን በካምፑ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ዋነኛ ሆነ። ይህ ነገር ቀልድ ቢመስልም በሕንፃው ላይ አሻራ ትቷል። መግቢያው አጠገብ የምርመራ ክፍል፣ ከሱ ቀጥሎ መታጠቢያ፣ ከዚያ ልብስ መቀየሪያ ይደረደራል። ልጁ በአንድ በኩል በከተማ ልብሱ ይገባል፣ በሌላ በኩል ታጥቦ፣ ተመዝኖ፣ ቁጥር የተሰፋበት የካምፕ ልብስ ለብሶ ይወጣል።

ማዘጋጃ ቤቶች መቼ ነው በደንብ የገቡበት?

በፈረንሳይ ትልቁ እርምጃ የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የሠራተኛ ፓርቲዎች የፓሪስ ዳርቻ ከተሞችን ምርጫ ማሸነፍ ሲጀምሩ ነው። ኢቭሪ ሱር ሴን ኮሚኒስት ከንቲባ ያገኘችው በ1925 ነው፤ ጆርጅ ማራን። በ1929 ከተማዋ አትላንቲክ አጠገብ፣ ሌ ማት በሚባል ጥድ ደን ያለበት መንደር የራሷን ቦታ ያዘች። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ ባሕር የሚባለውን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ፣ ከነጓደኞቹ በባቡር ተጭኖ ወደዚያ ይሄዳል። ሲሸኙትና ሲቀበሉት ሰፈሩ በሙሉ ይወጣ ነበር። ለከተማ አስተዳደሩም እንዲህ ያለ ቅስቀሳ የትም አይገኝም።

ሁሉም ግን ሕንፃ አልሠራም። የሌላዋ የፓሪስ ዳርቻ ከተማ የሱሬን ከንቲባ ኦንሪ ሴሊዬ ሶሻሊስት ነበር፣ በቤቶች ግንባታም ስሙ የሚነሳ ሰው ነው። የሱ ከተማ ልጆቹን ኒዬቭር በሚባል የገጠር አውራጃ ገበሬ ቤት ነበር የምታስቀምጣቸው። አንድ ልጅ፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው፣ ከገበሬው ቤተሰብ ጋር ይበላሉ ይተኛሉ። በዚህ ዘዴ ካምፕም አልጋም መሥራት አያስፈልግም፣ ልጁም ቤተሰብ አያጣም። በሌላ በኩል ገበሬው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በየቤቱ እየዞረ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ ወገኖች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። እኔ እንደማየው ክርክሩ ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ ለልጅ የሚሻለው ትንሽ ቤት ነው ወይስ ትልቅ ጓደኝነት የሚለው ነው።

አንድ ካምፕ ምን ምን ክፍል ነበረው?

መኝታ አዳራሽ፣ መመገቢያ አዳራሽ፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ፣ ክሊኒክ፣ የሠራተኛ ክፍሎች፣ ለዝናብ ቀን የሚሆን ጣሪያ ያለው ሰፊ ቦታ፣ ውጭ ደግሞ ሜዳ። በጣሊያን ካምፖች ባንዲራ የሚሰቀልበት አደባባይ አይቀርም።

ከነዚህ ሁሉ አርክቴክቱን የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ክሊኒኩ ነው። ኩፍኝ አንድ ልጅ ከያዘ አዳራሹን በሙሉ ይይዛል፤ ስለዚህ የታመመ ልጅ የሚገለልበት፣ የራሱ በርና የራሱ መጸዳጃ ያለው ክፍል ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ በዋናው ሕንፃ ጫፍ ላይ ወይም ለብቻው ተነጥሎ የምታገኙት ትንሽ ቤት እሱ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ነው። ሦስት መቶ ልጅ ባንድ ጊዜ ለምሳ ሲወርድ ምን ይሆናል? ለዚህ ነው በነዚህ ሕንፃዎች ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ፣ የበዛው። ጣሊያን ውስጥ ሚላኖ ማሪቲማ ላይ ማሪዮ ሎሬቲ በ1930ዎቹ መጨረሻ የነደፈው የቫሬዜ ካምፕ መሃሉ በሙሉ ራምፕ ነው፤ ዛሬ ፈራርሶ እንኳ፣ እነዚያ የተሻገሩ ራምፖች ብቻ ቆመው ሲታዩ ሰው አፉን ይከፍታል። በ1980ዎቹ አስፈሪ ፊልም የተቀረጸበትም ያለ ምክንያት አይደለም።

መኝታውን ረሳሁት አትበሉኝ። እሱ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ደጋግሞ ይመጣል። ዘዴው በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ረጅም ክፍል፣ በሁለት ረድፍ አልጋ፣ ጫፉ ላይ መስኮት ያለው የጠባቂ ክፍል። ጠባቂዋ ሳትነሳ ሁሉንም አልጋ ታያለች።

ለምን መርከብ ይመስላሉ?

አንዳንዶቹ መምሰል ብቻ ሳይሆን መርከብ እንዲሆኑ ነው የተነደፉት። ዋናው ምሳሌ በጣሊያን ካቶሊካ ላይ ያለው "ሌ ናቪ" ነው፣ ትርጉሙም መርከቦቹ። ክሌሜንቴ ቡሲሪ ቪቺ ነደፈው፣ በ1934 ተከፈተ። መሃሉ ላይ ትልቅ ሕንፃ አለ፣ በዙሪያው ደግሞ አፍንጫቸውን ወደ ባሕሩ ያዞሩ መርከብ የሚመስሉ የመኝታ ሕንፃዎች። የተሠራውም ውጭ አገር ለሚኖሩ ጣሊያናውያን ልጆች ነበር። በመርከብ ተሳፍሮ የመጣ ልጅ መርከብ ውስጥ ይተኛል ማለት ነው። ዛሬ የዓሣና የሻርክ ማሳያ አኳሪየም ነው። ከሌሎቹ ዕጣ ጋር ሲተያይ ይሄኛው ዕድለኛ ነው።

ከጌጡ ባሻገር ግን የዘመኑ ስሜት አለ። በ1920ዎቹና 30ዎቹ ዘመናዊ አርክቴክቶች መርከብ ይወዱ ነበር። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ትርፍ ነገር የሌለው፣ በረንዳው ረጅም፣ የብረት መደገፊያው ቀጭን። አርማታ ደግሞ ይህን ሁሉ አስቻለ፤ ግድግዳው ጣሪያውን መሸከም ሲቀርለት መስኮቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊዘረጋ ቻለ። ቼሴናቲኮ ላይ ጁዜፔ ቫካሮ በ1938 ያስጨረሰው የነዳጅ ኩባንያው የአጂፕ ካምፕ ለኔ የሁሉም ቁንጮ ነው። ረጅም ቀጭን ሕንፃ ነው፣ መስኮቶቹ አግድም የተሰመሩ መስመሮች ይመስላሉ። ጩኸት የለውም፣ ሐውልት መሆንም አያምረውም።

ልጆችን ግንብ ውስጥ ያስተኙ ነበር የሚባለውስ?

እውነት ነው። ፊያት ለሠራተኞቹ ልጆች ማሪና ዲ ማሳ ላይ በ1933 ያሠራው ካምፕ ክብ ግንብ ነው፣ ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው። ንድፉ የኢንጂነር ቪቶሪዮ ቦናዴ ቦቲኖ ነው። ውስጡ ባዶ ሆኖ ዙሪያውን እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እየተጠመዘዘ የሚወጣ ወለል አለ፤ አልጋዎቹ የተደረደሩት በዚያ ተዳፋት ወለል ላይ ነው። ቶሪኖ ውስጥ የፊያት ሊንጎቶ ፋብሪካ መኪናዎቹን እስከ ጣሪያው የሚያወጣ ጠመዝማዛ ራምፕ እንዳለው የሚያውቅ ሰው የልጆቹን ግንብ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ወይም ይከፋዋል።

ይሄ የማዘጋጃ ቤት ካምፕ አይደለም፣ የኩባንያ ነው። የጠቀስኩት ልዩነቱ እንዲታይ ነው። ኩባንያ ሲሠራ ሕንፃው ማስታወቂያም ነው፣ ከሩቅ መታየት አለበት። ማዘጋጃ ቤት ሲሠራ የበጀት ክርክር አለ፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ፣ ቀስ በቀስ የተጨመረ፣ አንዱ ክንፍ የ1930ዎቹ፣ ሌላው የ1950ዎቹ የሆነ ነገር ታገኛላችሁ። የፎቶግራፍ መጻሕፍት የሚወዱት የመጀመሪያውን ዓይነት ነው።

የፈረንሳይ ካምፖች ለምን ብዙ ጊዜ አሮጌ የመኳንንት ቤት ውስጥ ናቸው?

ርካሽ ስለነበረ። የገጠር ሻቶ፣ ማለትም የመኳንንት ቤት፣ ባለቤቶች ጣሪያ ማደስም ሠራተኛ መክፈልም እያቃታቸው ሲሸጡ፣ ማዘጋጃ ቤቶች ገዙ። በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጅ በብዛት ሲወለድ ቦታ በፍጥነት ያስፈልግ ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ የፈረንሳይ ልጆች ወደ ኮሎ ይሄዱ ነበር፤ ያን ሁሉ አልጋ አዲስ ሠርቶ ማድረስ አይቻልም።

ውጤቱ ደስ የሚል ቅልቅል ነው። የመስፍኑ የዳንስ አዳራሽ መመገቢያ ሆነ፣ የፈረስ ጋጣው የሥዕል ክፍል፣ ዛፍ የተደረደረበት ጎዳና የእግር ኳስ ሜዳ። የብረት ሠራተኛ ልጅ በእብነ በረድ ደረጃ ላይ እየሮጠ ሲወርድ የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉ፣ ከንቲባዎቹም ያን ትርጉም በደንብ ያውቁት ነበር። የሚያስቸግረው ማሞቂያው፣ መጸዳጃው፣ የእሳት አደጋ መውጫው ነበር። በኋላ ብዙዎቹን ያዘጋቸው ይኸው ነው።

ትልቁ የመኝታ አዳራሽ መቼ ቀረ?

ባንድ ቀን አልቀረም፣ እየተከፋፈለ ሄደ። በፈረንሳይ በ1937 ሴሜአ የሚባለው ድርጅት የካምፕ ጠባቂዎችን ማሠልጠን ጀመረ፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ዢዜል ደ ፋይ ነበረች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጅ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም፣ ይጫወታል፣ ይጠይቃል፣ ይናፍቃል። ጠባቂው ፊሽካ ከመንፋት ያለፈ ነገር ማወቅ አለበት። እንዲህ ብሎ የሠለጠነ ሰው ስድሳ አልጋ ያለበት አዳራሽ ሲሰጡት አይመቸውም። ትንንሽ ቡድን ትንንሽ ክፍል ይፈልጋል።

በጣሊያን ለውጡን በሕንፃ ያሳየው ጃንካርሎ ዴ ካርሎ ነው፣ ሪቾኔ ላይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሠራው ካምፕ። የድሮዎቹ ሰልፍ ነበሩ፤ የሱ ግን ትንንሽ ክፍሎች የተደራረቡበት፣ መደበቂያ ጥጋጥግ ያለው፣ ከልጅ ቁመት የተነሣ ሕንፃ ነው። በሶቪየት ኅብረትም በክራይሚያ ያለው አርቴክ፣ በ1925 በድንኳን የተጀመረው፣ በ1960ዎቹ በአናቶሊ ፖሊያንስኪ ንድፍ ቀለል ባሉ ተገጣጣሚ ሕንፃዎች ተተካ። በየአገሩ ያሉ አርክቴክቶች በአንድ ዘመን ተመሳሳይ ነገር ማሰባቸው ይገርመኛል።

ዛሬ በፈረንሳይ ሕጉ ራሱ ክፍፍሉን ያስገድዳል። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ 8 ልጆች አንድ ጠባቂ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ለ12 አንድ። ከስድስት ዓመት በላይ ያሉ ወንዶችና ሴቶች መኝታቸው የተለየ ይሆናል። የታመመ ልጅ የሚገለልበት ቦታም የግድ ነው፤ ይሄ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረው ያልተቀየረ ብቸኛው ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ልጆቹ ግን ይወዱት ነበር?

ማንን እንደጠየቃችሁ ይወሰናል። ለአንዱ የሕይወቱ ምርጥ ወር ነው፣ ለሌላው ሌሊት ሌሊት ትራስ ውስጥ ያለቀሰበት። በጣሊያን ካምፖች ሁለቱም የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ፦ ባሕሩ እዚያው፣ በመስኮቱ ሥር ሆኖ፣ መግባት የሚቻለው በፊሽካ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከዚያ ፊሽካ፣ መውጣት፣ መድረቅ፣ የቀትር እንቅልፍ። እንቅልፍ ባይመጣም ዓይን መጨፈን።

ደብዳቤ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ጠባቂዎቹ ያነቡት ስለነበር ልጁ "ደህና ነኝ፣ ምግቡ ጥሩ ነው" ከማለት የዘለለ አይጽፍም። የቆየ ደብዳቤ አንብቦ "ደስተኞች ነበሩ" ብሎ የሚደመድም ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ታዲያ ለምን ባዶ ቀሩ?

አንድ ምክንያት የሚሰጣችሁን ሰው አትመኑ። የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ ነቀርሳ በኪኒን ሲድን ፀሐይ ሕክምና መሆኑ ቀረ። ሁለተኛው የወላጆች ዕረፍት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ በ1936 ሁለት ሳምንት ነበር፣ በ1956 ሦስት ሆነ፣ በ1969 አራት፣ በ1982 አምስት። አባትና እናት ራሳቸው ባሕር መሄድ ሲችሉ ልጁን ለብቻው ለምን ይልኩታል? መኪናም ገዝተዋል።

ሦስተኛው የደህንነት ደንብ ነው፣ ይሄ ደግሞ በደም የተጻፈ ነው። በሐምሌ 31፣ 1982 ሌሊት በፈረንሳይ ቦን (Beaune) ከተማ አጠገብ በአውራ ጎዳና ላይ በደረሰ አደጋ 53 ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ በአውቶቡስ ወደ ተራራ ካምፕ የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በበጋው የጉዞ መጨናነቅ ቀን ልጆችን በአውቶቡስ ረጅም መንገድ መውሰድ በፈረንሳይ ተከልክሏል። የሕንፃ ደንቡም እንዲሁ እየጠበቀ ሄደ። ለዓመት ሁለት ወር ብቻ ለሚሠራ ቤት አዲስ የእሳት መውጫ፣ አዲስ ወጥ ቤት፣ አዲስ መታጠቢያ ማስገባት ለማዘጋጃ ቤት ከባድ ነው። መሬቱ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፣ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። መሸጥ ቀላል ሆነ።

ፋሺስቶቹ ካምፖቹን ለምን ወደዷቸው? ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛቸው ነገርስ አለ?

ልጅን ከወላጁ ለአንድ ወር ነጥሎ፣ ዩኒፎርም አልብሶ፣ ጠዋት ማታ ለባንዲራ ማሰለፍ ለአምባገነን መንግሥት ሲሳይ ነው። ሙሶሊኒ ካምፖችን አልፈጠረም፣ ከበጎ አድራጊዎችና ከከተሞች ወርሶ አበዛቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ7 መቶ ሺህ በላይ ልጆች ያልፉባቸው ነበር። ሁሉም አዳሪ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ወንዝ ዳር የቀን ውሎ ብቻ ናቸው። ሌኛኖ ላይ ቢቢፒአር የሚባለው የሚላኖ አርክቴክቶች ቡድን በ1938 የሠራው ውብ ሕንፃ እንዲህ ያለ ነበር፣ በ1956 አፈረሱት።

ኢትዮጵያን በተመለከተ፣ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ባርዶኔኪያ የምትባል የአልፕስ ከተማ አለች። እዚያ በ1937 አንድ ትልቅ የተራራ ካምፕ መሠራት ጀመረ፣ ስሙም "ኮሎኒያ ግንቦት 9"። በነሱ አቆጣጠር ግንቦት 9፣ 1936 ሙሶሊኒ አዲስ አበባ ከተያዘች ከአራት ቀን በኋላ "ኢምፓየር" ብሎ ያወጀበት ቀን ነው። የቶሪኖ ልጅ አየር ሊቀይር ሲሄድ የሚተኛው አገራችን የኢምፓየራቸው አካል ተብላ የታወጀበት ቀን በር ላይ በተጻፈበት ቤት ነው ማለት ነው። ሁለቱ ኮሎኒዎች ግድግዳ ላይ ተገናኙ ያልኩት ይህን ነው።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። አርክቴክቱ ጂኖ ሌቪ ሞንታልቺኒ ነበር፣ በኋላ ኖቤል የተሸለመችው የሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ወንድም፣ አይሁዳዊ። ሕንፃው ገና በመሠራት ላይ እያለ፣ በ1938፣ ያው መንግሥት በአይሁዶች ላይ የዘር ሕግ አወጣ። በ1940 ደግሞ፣ ጣሊያን ጦርነት ልትገባ ስትል፣ ሊቢያ የሰፈሩ ጣሊያናውያን 13 ሺህ ያህል ልጆች ለበጋ ተብለው ወደ ጣሊያን ካምፖች ተወሰዱ፤ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ያዩት ከዓመታት በኋላ ነው።

እንግዲህ ይፍረሱ ወይስ ይቆዩ?

በጣሊያን የሕዝብ ንብረት የሆነና ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ሕንፃ፣ ነዳፊው በሕይወት ከሌለ፣ የቅርስ ዋጋው እስኪመረመር ድረስ በሕግ ይጠበቃል። ስለዚህ ዝም ብሎ ማፍረስ አይቻልም። ማደስም ግን ገንዘብ ይፈልጋል፣ አዳራሹን ደግሞ ወደ ሆቴል ክፍል ስትከፋፍሉት መስኮቱ ይቆረጣል፣ ሕንፃውም ሌላ ነገር ይሆናል። እንደ ሌ ናቪ ትልቅ ባዶ ቦታ የሚፈልግ ሥራ ያገኘ ይተርፋል፤ ሌላው ዝገትና እርግብ ይወርሰዋል።

የእኔን ሐሳብ ለሚጠይቁኝ፦ ይቆዩ፣ ግን ከነስማቸው። የባርዶኔኪያው ካምፕ ታድሶ በ2006 የቶሪኖ ክረምት ኦሊምፒክ ጊዜ ስፖርተኞች አድረውበታል፣ ዛሬም የኦሊምፒክ መንደር ይባላል። ጥሩ ስም ነው፣ ሕንፃውም ሞቋል፣ ልጆች እንደገና ይገቡበታል። በሩ አጠገብ ግን "ግንቦት 9" የሚለው የድሮ ስም ከነምክንያቱ በሁለት መስመር ቢጻፍ ደስ ይለኛል፤ አንዱ መስመር ስለ አዲስ አበባ፣ አንዱ ስለ አርክቴክቱ።